ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የጠፋው ድምፅ

አናጢው ሞቶ የተገኘው መጋዙ አጠገብ ሳይሆን የሥራ ቤቱ በር ላይ ነው። የደሙ መስመር ከኤሌክትሪክ መጋዙ ተነሥቶ፣ ሰጋቱራውን አቋርጦ፣ ያላለቀ ቁም ሣጥን ዞሮ እስከ በሩ ይደርሳል። ታፋው ላይ ያለው ቁስል ጥልቅ ነበር። ሚስቱ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ቀሚሷም እጇም ጉልበቷም ደም በደም ሆኗል።

ጎረቤቶቹ እኔ ከመኪና ሳልወርድ ፍርዱን ጨርሰው ጠበቁኝ።

"ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምተናል" አለኝ አንዱ።

"ትናንትም ተኳርፈው ነው ያደሩት" አለች ሌላዋ፤ አብራቸው ያደረች ይመስል።

በዚህ ሥራ ካረጀሁ ወዲህ የሚገርመኝ የማይጨቃጨቁ ባልና ሚስት ሳገኝ ነው። ሴትዮዋ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ፊቷን አየሁት። ቀኝ ጉንጯና ጆሮዋ ላይ ደም ደርቋል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ። የስልክ ቅርጽ ነው። ስልኩ ጆሮዋ ላይ ረጅም ጊዜ ተጭኖ ቆይቷል። ባሏን የገደለች ሴት ይህን ያህል ስልክ ላይ አትቆይም።

"ለማን ነበር የደወልሽው፣ እህቴ?"

"ለአምቡላንስ። አነሡት። አንሥተው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።"

"እንዴት ማለት?"

"ምንም አይሉማ! ሽሽሽ ብቻ ነው የሚለው፤ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲጨመር እንደሚለው። ሰው የለም ወይ እላለሁ፣ ሽሽሽ ይለኛል። ባሌ ሊሞት ነው እላለሁ፣ ሽሽሽ።"

"እስቲ ይደገም" አልኳት።

በዚህች ቃል የተነሣ ባልደረቦቼ ስሜን ትተው "ይደገም" ነው የሚሉኝ። አይከፋኝም። ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲናገር በሁለተኛው ላይ ወይ ይቀንሳል ወይ ይጨምራል፤ እኔ የምፈልገው ያንን ልዩነት ነው። ሴትዮዋ ጨመረች።

"በአንድ እጄ ቁስሉን ይዣለሁ፤ በአንድ እጄ ስልኩን። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ ስል ስልኩን ከጆሮዬ መንቀል አቃተኝ። ሁለቱንም እጄን ለሱ መስጠት ነበረብኝ፣ አይደል?"

ክንዷን ይዤ ከመሬት አነሣኋት።

የሐኪሙ ውጤት አጭር ነው። የቆረጠው መጋዙ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ የለበትም። ቁስሉ በደንብ ተጨቁኖ ቢያዝ ሰውዬው አምቡላንስ እስኪደርስለት ይቆይ ነበር። ሚስትየዋ ነፃ ወጣች፤ መዝገቡ ግን አልተዘጋም። ስልክ አንሥቶ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ዝምታው ሰው ገድሏል።

*

የአደጋ ጥሪ ማዕከሉ ሰፊ አዳራሽ ነው። ስድስት ጠረጴዛ፣ በየጠረጴዛው አንድ ኮምፒውተር፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ደግሞ አንገቱ የሚተጣጠፍ ማይክ፣ ራሱ ላይ ጥቁር ስፖንጅ የደፋ። ሦስተኛውን ጠረጴዛ በማግስቱ ጠዋት ከኃላፊው ጋር ሆኜ አሸግሁት። ኃላፊው ክራቫቱን ደጋግሞ የሚያስተካክል ሰው ነው።

"እዚህ ቤት ወንበር አይቀዘቅዝም" አለኝ፤ መፈክራቸው መሆኑ ነው። "አንዱ ሲነሣ ተረኛው ወዲያው ይቀመጥበታል። ኮምፒውተር አይጠፋም፣ ገመድ አይነቀልም። በዚያች መሃል ሰው ቢደውልስ?"

"ያኛውስ ምንድን ነው?" ግድግዳው ላይ በትልቁ "ስፖንጁን መንካት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

"እያወሩ ይቆነጥሩታል። ባለፈው ዓመት አንዷ ቆንጥራ ቆንጥራ መላጣ አስቀረችው።"

ቅጂውን አሰማኝ። የአናጢው ሚስት ድምፅ እዚያው አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ጥሪ ተቀባይዋ መናገር ባለባት ቦታ ላይ ያለው ግን ሽሽታ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ትጮሃለች፣ ሽሽታው ይመልስላታል። መጨረሻ ላይ ስልኩ ይወድቃል፤ ሩጫዋ ይሰማል።

"ተኝታ ነበር" አለ ኃላፊው። "ወይ የራሷን ስልክ ስትነካካ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔ በጥራት ቀልድ አላውቅም፣ ኢንስፔክተር። ድምፁ የሻከረውን፣ የሚያስለውን፣ የሚያስነጥሰውን ሁሉ ከመስመር እያወጣሁ ነው። ደዋይ ጥርት ያለ ድምፅ መስማት አለበት።"

"ይህችስ ታስላለች?"

"ኧረ እሷ ድምፅም የላት! ጭምቷ ነው የሚሏት።"

ልወጣ ስል አንዲት ትልቅ ሴት መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው። ሦስተኛውን ጠረጴዛ ከጭምቷ ጋር እየተፈራረቁ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያሠለጠኑትም እሳቸው። ሲናገሩ አዳራሹ ይሞላል።

"ያቺ ልጅ አትተኛም" አሉኝ። "እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት። እንደ ልጄ ናት። ድምፅዋ ቀጭን ነው እንጂ ልቧ ንቁ ነው። ስንት ጊዜ ጮክ በይ ብያታለሁ።"

"እርስዎ ከሷ ቀጥለው ሲቀመጡ ያስተዋሉት ነገር አለ?"

"ምን አስተውላለሁ? እያለቀሰች ተነሣች፣ እኔ ተቀመጥኩ። ስልኩ አይጠብቅ።" ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። "ይቺን ይያዙ። ጉሮሮ ታለሰልሳለች።"

*

ጭምቷ ጣቢያ ታስራ ነው ያለችው። ዐቃቤ ሕጉ "በቸልተኝነት ሰው መግደል" የሚል አንቀጽ አዘጋጅቶ የኔን ፊርማ እየጠበቀ ነበር። ፊርማዬ ላይ የተንጠለጠለው የዚህች ልጅ ዕድሜ ነው፤ እስር ቤት ገብታ ብትወጣም ሰው ሲሞት ዝም ያለች ተብላ ትኖራለች። ለአናጢው ሚስት ደግሞ ሌላ ነገር ተንጠልጥሏል፤ በዚያች ሰዓት ብቻዋን ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለው።

"ተናግሬያለሁ" አለች ልጅቷ። ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብዬ ካልሆነ አይሰማም።

"እስቲ ይደገም።"

"ተናግሬያለሁ፣ ጋሼ። ስልኩን አስቀምጪና በሁለት እጅሽ ተጫኚው አልኳት። የት ነው ቤታችሁ አልኳት። እሷ ሰው የለም ወይ ትለኛለች፣ እኔ አለሁ እላታለሁ። እየጮህኩ ነበር። ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። አጠገቤ ያሉት ዞረው አይተውኛል።"

ያለችው እውነት ነው፤ ጠይቄያቸዋለሁ። አንደኛው "አፏ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ" ብሎኛል። ግን ሁሉም ጆሯቸው ላይ ኢርፎን አድርገው፣ የራሳቸውን ደዋይ እየሰሙ ነው። አፏን አዩ፣ ቃሏን የሰማ የለም።

"ከዚያ ቀን በፊትስ?"

"ከስንት ሳምንት ጀምሮ ደዋዮች አልሰማ አልሽን እያሉኝ ነው። ለቴክኒሻኑ ነገርኩት። አስተካክያለሁ አለኝ። በማግስቱ ሽሽታ መጣ። እሱንም ነገርኩት።" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ማይኩን ነቅዬ በሌላ ልቀይረው አስቤ ነበር። ፈራሁ። እዚያ ቤት ምንም አይነቀልም።"

ሆዴ ባባ። ግን በባባ ሆድ መዝገብ አይዘጋም።

*

ቴክኒሻኑን ከፎቅ አስወርጄ የታሸገው ጠረጴዛ ፊት አስቀመጥኩት። ጢሙ በደንብ የተስተካከለ፣ ቁልፍ ሲነካ ጣቱ የሚፈጥን ወጣት ነው።

"ድምፅ አነሰ ስትልህ ምን አደረግህ?"

"የማይኩን ማሳደጊያ ከፍ አደረግኩላት።"

"እዚህ መጥተህ?"

"ምን ያስመጣኛል? ከቢሮዬ ሆኜ በኔትወርክ እገባለሁ።"

"ከዚያስ?"

"አሁንም አነሰ አለች። እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።"

"ከዚያስ?"

"ሽሽታ አለው አለች።" ድምፁ ወረደ። "ወረፋ አስይዤላት ነበር።"

"ሽሽታው ከየት መጣ? ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው በሚገባ ንገረኝ።"

"ማሳደጊያ አይመርጥም። በማይኩ የገባውን ያሳድጋል፣ ሽቦው ውስጥ ያለውንም ጩኸት አብሮ ያሳድጋል። የሚገባው የሰው ድምፅ በጣም ትንሽ ከሆነ፣ ጩኸቱ ይበልጠውና ይውጠዋል።"

"ታዲያ መጀመሪያ መታየት የነበረበት ምንድን ነው?"

ጢሙን አሻሸ። "ራሱ ማይኩ። ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት። እዚያም ካነሰ ጥፋቱ የማይኩ ነው። እዚያ ደህና ከሆነ የኮምፒውተሩ።"

"ለምን አላደረግኸውም?"

"ወንበሩ አይቀዘቅዝማ!" አለ፤ ከዚያ የገዛ መልሱ ለራሱም ውሃ የማያነሣ መሆኑ ገባው መሰለኝ ፊቱ ቀላ።

"በል አብራው። ማሳደጊያውን እንዳትነካ፤ እንደነበረ ይሁን።"

እኔ ማይኩ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ በሹክሹክታ ያህል፣ "ሄሎ" አልኩ። ቴክኒሻኑ ኢርፎኑን ከጆሮው ወርውሮ ዘለለ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር እስከ ጫፉ ቀላ። ቅጂውን ስንሰማው የኔ ሹክሹክታ ጆሮ የሚበጥስ፣ ጠርዙ የተሰነጣጠቀ ጩኸት ሆኗል።

"ይሄ... ይሄማ ደህና ማይክ ነው" አለ። "ማሳደጊያው እዚህ ላይ እያለ ደህና ማይክ እንዲህ ነው የሚሆነው። ልጅቷ ብትናገር ኖሮ ሴትዮዋ ትደነቁር ነበር።"

አጠገባችን የቆመው ኃላፊ ክራቫቱን አስተካከለ። "አላልኩም? ዝም ብላለች።"

ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ማይኩ ደህና ነው፣ ማሳደጊያው ክፍት ነው፣ ልጅቷ ዋሽታለች። ግን ከዚያ ቀን በፊት በተቀዱት ጥሪዎች ላይ ደዋዮች "አልሰማሽም" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያኔ ምን ብላ ለመዋሸት? ማሳደጊያው ያኔም ክፍት ነበር። ስለዚህ ያኔ በአፏና በማይኩ መሃል የነበረ፣ ዛሬ ግን የሌለ ነገር አለ።

"ከፎቅ ወርደህ የነካኸው ነገር የለም?" አልኩት ቴክኒሻኑን። መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነው፤ ጥፋቱን ለመሸፈን ምክንያት ነበረው።

"እኔ? ከተቀጠርኩ እዚህ አዳራሽ የገባሁት ለበዓል ፎቶ ስንነሣ ብቻ ነው! የበሩን ካርድ ይዩት።"

አየሁት። እውነቱን ነው። ስንፍናው ምስክር ሆኖ አዳነው።

ጎንበስ ብዬ ማይኮቹን አንድ በአንድ ተመለከትኩ። የአምስቱ ጠረጴዛዎች ስፖንጅ አቧራ ጠግቦ ግራጫ ሆኗል። የሦስተኛው ጥቁር ነው፣ አዲስ። ክልከላውን ጥሼ አወለቅኩት። የማይኩን ራስ በጣቴ ስነካው ጣቴን ትንሽ ያዝ አደረገኝ፤ ዙሪያውን ቀጭን ሙጫ አለበት፣ ክር መሰል ብናኝ ይዟል። የቁስል ፕላስተር ሲላጥ ቆዳ ላይ የሚተወው ዓይነት። ስፖንጁን መልሼ ደፋሁት።

*

የአዲሶቹ ስፖንጆች ካርቶን የተቀመጠው ሻይ የሚፈላበት ጥግ፣ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ማንም እጁን ሰዶ ያነሣል። ስለዚህ ሰው ፍለጋ ገባሁ። የበሩ ጥበቃ አንድ ነገር ነገረኝ፤ አናጢው በሞተበት ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ የነበረው ኃላፊ ተመልሶ መጥቷል። ሦስተኛው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ታይቷል።

"ተቆጣጣሪ አይደለሁም እንዴ?" አለኝ ስጠይቀው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

"እንደሱማ ከሆነ ለምን አልነገሩኝም?"

"ለፖሊስ ከእኔ በፊት ማንም እንዳይናገር ላስጠነቅቅ ነው የመጣሁት! ያ ወንጀል ነው?"

"ወንጀል አይደለም፤ ደስ አይልም እንጂ" አልኩት።

ቅጂዎቹን ይዤ የመሥሪያ ቤታችን የድምፅ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ማስቲካ እያኘከች፣ ዓይኗን ጨፍና የምታዳምጥ ሴት ናት።

"ይደገም ራሱ መጣ" አለች ሳታየኝ። "ስንቴ ልደግምልህ ነው ዛሬ?"

"የዚያን ቀን አመሻሽ፣ ሦስተኛው ጠረጴዛ።"

ከፈተችው። ጭምቷ ከተነሣች በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ጥሪ ላይ የእትዬ ድምፅ እንደኔ ሹክሹክታ እየተሰነጣጠቀ ይጮሃል። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። ከብዙ ጥሪ በኋላ ከሩቅ የበር ድምፅ ይሰማል፤ የኃላፊው ድምፅ "ሁላችሁም ስሙኝ" ይላል። ኃላፊው ሲገባ የሆነው ነገር ሆኖ አልቋል። እሱንም ከዝርዝሬ አወጣሁት፤ ትንሽ ደስ ሳይለኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

"እንግዲህ ያልከኝን ፕላስተር ወይ ልጅቷ ስትነሣ ልጣዋለች፣ ወይ ከሷ የቀጠለው ሰው" አለች ባለሙያዋ።

"ዐቃቤ ሕጉ ልጅቷ ናት ይላል። ራሷ ለጥፋ ራሷ ልጣለች ይላል።"

"ታዲያ?"

"ወደ ኋላ እንሂድ። ነገሩ እስከጀመረበት ድረስ።"

ማስቲካዋን ጣለችና ወንበሯን አስጠጋች። የሳምንታት ቅጂ ነው። የጭምቷን ጥሪ፣ የእትዬን ጥሪ፣ መልሰን የጭምቷን። ሁለቱም የታፈኑባቸውን ቀናት አልፈን ሁለቱም ጥርት ወዳሉባቸው ቀናት ደረስን። ያኔ እትዬ ሲያስሉ እንኳ ይሰማል፤ ጥልቅ፣ ከሆድ የሚመጣ ሳል። ከዚያ በሁለቱ ጊዜ መሃል ያሉትን ጥቂት ቀናት ከፈትናቸው።

"አቁሚው" አልኳት። "ይደገም።"

ደገመችው። ሁለታችንም ሰማነው። ልጅቷን ነፃ የሚያወጣውን ነገር ሳገኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም።

*

እትዬ ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ንጹሕ፣ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ላይ የመድኃኒት ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ወንበር ሰጡኝ፣ ከረሜላም ሰጡኝ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሦስት ቁራጭ ቅጂ አሰማኋቸው።

በመጀመሪያው ላይ ያስላሉ፤ ሳሉ አዳራሹን የሚያናውጥ ነው። በሁለተኛው ላይ ድምፃቸውም ሳላቸውም ታፍኗል፤ ትራስ የተጫነበት ይመስላል። ያንኑ ቀን፣ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የጭምቷ ድምፅ ግን ጥርት ያለ ነው። በማግስቱም እንደዚያው፤ እሳቸው ሲቀመጡ ይታፈናል፣ እሷ ስትቀመጥ ይከፈታል። በሦስተኛው ላይ ሁለቱም ታፍነዋል።

"የለጠፈው ሰው መጀመሪያ መጀመሪያ ሲነሣ ይልጠው ነበር" አልኳቸው። "በኋላ ላይ መላጡን ተወው። ያ ሰው ጭምቷ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታፈነው የሷ ድምፅ ነበር።"

ስልኬን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ሳል መጣባቸው፤ በሻርፓቸው አፋቸውን ሊከድኑ እጃቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት።

"እንደልብዎ ያስሉ፣ እትዬ" አልኩ።

አሳሉ። ሲበቃቸው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

"የሚያስል ከመስመር ይወጣል ተባለ። ፕላስተር ማይኩ ላይ ባደርግ ሳሉ ይቀንሳል ብዬ ነው። እኔ ገበያ መሃል የሚሰማ ድምፅ አለኝ፤ ፕላስተር አያቆመውም። እሷ ልትቀመጥ ስትል እልጠው ነበር። በኋላ ሰው ስፖንጁን ስነካ ያየኛል ብዬ ፈራሁ። ተውኩት። የኔ ካለፈ የሷም ያልፋል አልኩ።"

"አልሰማ አልሽ እያሏት እንደሆነ ነግራዎታለች?"

"ነግራኛለች። ቴክኒሻኑ አስተካክሎታል ተባለ። አመንኩ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማመን ፈለግኩ።"

"ያን ቀንስ?"

"'አለሁ እያልኳት አትሰማኝም' እያለች ስትነሣ ገባኝ። አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ተቀመጥኩና ላጥኩት። ስፖንጁም ሙጫ ይዞ ስለነበር ቀየርኩት።"

"ከዚያ ፖሊስ መጥቶ ልጅቷን ወሰዳት።"

"ዝም አልኩ" አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲጣራ አቤት ስል ኖሬ፣ ያቺን ልጅ ሲወስዷት ዝም አልኩ።"

ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ግን ነገሩኝ። "እዚህ ቤት ውስጥ የሚጠራኝ የለም፣ ልጄ። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ሰው ይጠራኛል።"

ተናደድኩባቸው፤ አዘንኩላቸውም። ሁለቱም አብረው መጡብኝ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም። ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ቀድመውኝ ወጡ። መኪናው ውስጥ እስከ ጣቢያ ድረስ ሳይደብቁ እያሳሉ ሄዱ።

*

ጭምቷ በዚያው ቀን ተለቀቀች። የቀረውን፣ እትዬንም ቴክኒሻኑንም ኃላፊውንም የሚመለከተውን፣ ዐቃቤ ሕጉ ይያዘው። እኔ አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር።

የድምፅ ባለሙያዋ በዚያ ሽሽታ ላይ ብዙ ደክማበታለች። ጩኸቱን ጥቂት በጥቂት ስትገፍ ከሥሩ የሰው ድምፅ ወጣ። ቀጭን ነው፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነው፤ ቃሉ ግን ይለያል። የአናጢውን ሚስት አስጠራኋትና የሚጎዳት ከሆነ መስማት እንደሌለባት ነገርኳት።

"ካሁን የበለጠ ምን ይጎዳኛል?" አለች። "ዝም ብለውኝ ከነበረ ልወቀው። ተናግረው ከነበረም ልወቀው።"

ጭምቷ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ለመግባት ድፍረት አጥታ፣ ለመሄድም እግሯ አልታዘዝ ብሏት። ሴትዮዋ ልጅቷ ማን እንደሆነች አላወቀችም። ኢርፎን ልሰጣት ስል አልፈልግም አለች። ከፍቼ ለቀቅኩት።

"ሄሎ፣ እህቴ፣ እሰማሻለሁ" አለ ቀጭኑ ድምፅ። "የት ሰፈር ነው? ...ትሰሚኛለሽ? አለሁ፣ አለሁ። ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጪው። ጨርቅ አጣጥፈሽ ቁስሉ ላይ አድርጊ። በሁለት እጅሽ ተጫኚው። በደንብ፣ በሙሉ ክብደትሽ። እንዳትለቂው። እህቴ፣ አትዝጊው፣ እኔ እዚሁ ነኝ። የትም አልሄድም።"

የሴትዮዋ እጆች ቀሚሷ ላይ ተኝተው ነበር። ድምፁ "በሁለት እጅሽ" ሲል ተነሡ። አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ጉልበቷ ላይ ወረደ፣ ተጫነ። ትከሻዋ አጎነበሰ። የጣቶቿ አንጓ እስኪነጣ ተጫነችው።

"እሺ" አለች። "እሺ፣ ልጄ። ያዝኩት።"

በሩ ላይ ያለችው ልጅ አፏን ያዘች። ቅጂው አለቀ፤ ክፍሉ ውስጥ የቀረው የአንዷ ትንፋሽና የሌላዋ ለቅሶ ነው። እጄን ልዘረጋና ልዘጋው ስል ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። እጆቿን ከጉልበቷ ላይ አላነሣችም።

"ይደገም" አለችኝ።

ደገምኩላት።